ሳይወድቅ የተለቀሰለት ሻምፒዮን፦ የመሐመድ አሊና የላሪ ሆልምስ ግጥሚያ

በ10ኛው ዙር መጨረሻ ደወሉ ተደወለ። መሐመድ አሊ ወደ ጥጉ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የዓይኖቹ ሥር አብጧል። አሰልጣኙ አንጀሎ ደንዲ ወደ ዳኛው ዞሮ ግጥሚያው ይቁም አለ። የአሊ የዘመናት አበረታች ቡንዲኒ ብራውን ደግሞ አንድ ዙር ብቻ ይጨመርለት እያለ የደንዲን ሹራብ ጨምድዶ ያዘ። ደንዲ ነደደው። በዚህ ጥግ ላይ ዋናው ሰው እሱ እንደሆነና ግጥሚያውን እንዳስቆመው ጮኾ ተናገረ። አሊ ከበርጩማው አልተነሳም። ይቀጥል ብሎም አልተከራከረም።

ቦታው ላስ ቬጋስ፣ ሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ነው። ቀኑ ኦክቶበር 2፣ 1980። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አሊ በዚያ ምሽት አንዴም መሬት አልነካም። አልተዘረረም። ሆኖም ያንን ምሽት ያዩ ሰዎች ስለ ሽንፈት አያወሩም። የሚያወሩት ቀብር ደርሰው እንደመጡ ሰዎች ነው።

እኔም ቪዲዮውን ብዙ ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ሁልጊዜ ግን እስከ መጨረሻው አልዘልቅም። ስድስተኛው ዙር አካባቢ እጄ ወደ ማቆሚያው ይሄዳል። ውጤቱን አውቀዋለሁ፤ አዲስ ነገር አይመጣም። ታዲያ የማላውቀው ሰው፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለአንድ ምሽት 8 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎ የገባበትን ግጥሚያ ማየት ለምን ያቅተኛል? በአካል የነበሩትስ ለምን አለቀሱ?

«የሚወዱት ሰው ስለተሸነፈ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። አሊ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ተሸንፏል። በ1971 ጆ ፍሬዘር፣ በ1973 ኬን ኖርተን፣ በ1978 ሊዮን ስፒንክስ አሸንፈውታል። ደጋፊው ተናደደ፣ አዘነ፣ ከዚያ የመልሱን ግጥሚያ ጠበቀ። በ1980 ግን የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። ከሐዘኑ ጋር ሌላም ነገር ተቀላቅሏል። እኔ ጸጸት ነው እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እግሩ የሄደበት፣ አገጩ የቀረበት ጊዜ

ካሺየስ ክሌይ ጃንዋሪ 17፣ 1942 በሉዊቪል፣ ኬንታኪ ተወለደ። በ1960 የሮም ኦሎምፒክ በቀላል ከባድ ሚዛን ወርቅ ወሰደ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈበት ያው ኦሎምፒክ ነው። በ1964፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ወዲያው ስሙን ወደ መሐመድ አሊ ለወጠ።

የዚያን ዘመን አሊ ለማየት ኖቬምበር 1966 በሂውስተን ከክሊቭላንድ ዊልያምስ ጋር ያደረገውን ግጥሚያ ማየት ይበቃል። እጆቹ ወገቡ ላይ ተንጠልጥለዋል። ዊልያምስ ግራ እጁን ይወረውራል። አሊ አይከላከልም። አንገቱን ብቻ ወደ ኋላ ያደርጋል። ጓንቱ አፍንጫው ጋ ደርሶ ባዶ አየር መትቶ ይመለሳል። አሰልጣኞች እንዲህ አድርጉ ብለው አያስተምሩም። ወደ ኋላ በቀጥታ ማዘንበል ስህተት ነው ይላሉ። አሊ ግን ፍጥነቱ ስህተቱን ይሸፍንለት ነበር። ይህችን አንገት ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም አለ። ቀበቶውን ነጠቁት፣ ፈቃዱን ከለከሉት። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሪንግ ሳይገባ ቆየ። ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ያለው፣ ቦክሰኛ የሚያብብበት ጊዜ፣ እንዲሁ ሄደ። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ነፃ አወጣው። ዓመቶቹን ግን የሚመልስለት አልነበረም።

ሲመለስ እግሮቹ እንደ ድሮው አልሆኑም። ያን ጊዜ ስለ ራሱ አንድ ነገር አወቀ፤ ቡጢ መቻል ይችላል። የግል ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ የአሊ ትልቁ ጥፋት ይህንን ማወቁ ነው እያለ ደጋግሞ ተናግሯል። ድሮ የማይመታ ሰው ነበር፤ አሁን እየተመታ የሚያሸንፍ ሰው ሆነ።

እኛ ደጋፊዎች ደግሞ በጣም የወደድነው ይህንን ሁለተኛውን አሊ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ኦክቶበር 30፣ 1974 ኪንሻሳ ላይ ከጆርጅ ፎርማን ጋር ሲገጥም ገመዱን ተደግፎ ቆመ። ፎርማን በጊዜው ከሁሉ የከበደ መቺ ነበር። ጎኑን፣ ክንዱን፣ ኩላሊቱን ደበደበው። አሊ እየተመታ ያወራው ነበር። በ8ኛው ዙር ፎርማን ደክሞ ወደቀ። ሕዝቡ አበደ። ከአንድ ዓመት በኋላ ማኒላ ላይ ከፍሬዘር ጋር 14 ዙር ተደባደበ። የፍሬዘር አሰልጣኝ 15ኛው እንዳይጀመር ባያደርግ ማን እንደሚቀድም አይታወቅም ነበር። አሊ ራሱ ያ ግጥሚያ ለሞት የቀረበበት እንደነበር ተናግሯል።

እነዚህ ሁለት ግጥሚያዎች ዛሬም የቦክስ ቁንጮ ተብለው ይተረካሉ። እኔም ስተርካቸው ደስ ይለኛል። ግን ሒሳቡ ከዚያ ጀምሮ ነበር የሚጻፈው። ታላቅ ያሰኘው ነገርና የጎዳው ነገር አንድ ነበሩ። ያጨበጨብንለትና ያለቀስንለትም አንድ ነገር ነው።

ተዉ ያሉ ነበሩ

ሴፕቴምበር 29፣ 1977 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከኧርኒ ሼቨርስ ጋር 15 ዙር ሄደ። አሸነፈ። ነገር ግን ሼቨርስ በጣም ከባድ ቡጢዎችን አሳረፈበት። የአዳራሹ ግጥሚያ አዘጋጅ ቴዲ ብሬነር ከዚያ ወዲያ ጋርደን ለአሊ ግጥሚያ አያቀርብም አለ። የአሊን ግጥሚያ ማዘጋጀት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስገኝ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያለው። ፓቼኮ ደግሞ የአሊ ኩላሊት እየተጎዳ መሆኑን የሚያሳየውን የላቦራቶሪ ውጤት ከደብዳቤ ጋር ለአሊና ለቅርብ ሰዎቹ ላከ። መልስ የሰጠው አልነበረም። ሥራውን ትቶ ወጣ።

በፌብሩዋሪ 1978 ሊዮን ስፒንክስ፣ ሰባት የፕሮፌሽናል ግጥሚያ ብቻ ያደረገ ልጅ፣ አሸነፈው። በሴፕቴምበር መልሶ ቀማው። ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ በከባድ ሚዛን ከእሱ በፊት ማንም ያላደረገው ነገር ነው። በ1979 በቃኝ አለ። ያኔ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ተመለሰ። ገንዘቡ ሳበው፣ አራተኛ ቀበቶ የሚል ሕልም ነበረው፣ ጭብጨባው ናፈቀው። እኛም ናፈቅነው። ብሬነር አንድ ሰው ነበር፤ ትኬት ሊገዛ የተዘጋጀው ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር።

ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት የቦክስ ፈቃድ ሰጪ ኮሚሽን ስለ ጤናው ጥርጣሬ ገባውና በጁላይ 1980 ወደ ማዮ ክሊኒክ ተላከ። ሐኪሞቹ ጣትህን አፍንጫህ ላይ አድርግ አሉት፤ በትንሹ ሳተ። በአንድ እግርህ ዝለል አሉት፤ ከእሱ በሚጠበቀው ቅልጥፍና አልዘለለም። ሪፖርቱ እነዚህን ትንንሽ ነገሮች መዝግቦ ከቦክስ የሚያግደው የተለየ ነገር አልተገኘም በሚል መንፈስ ተደመደመ። ፈቃድ ተሰጠው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ የሚሰበረው እዚች ላይ ነው። በአንድ እግር መዝለል። የዓለም ፈጣኑ ከባድ ሚዛን፣ በጣቶቹ ጫፍ 15 ዙር የሚደንስ ሰው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ እግሩ ዝለል ተብሎ እንደነገሩ ዘለለ። አንድ ሰው ይህን ጻፈው፤ ወረቀቱም ተፈረመ።

በዚያ ላይ ክብደት መቀነስ ነበረበት። ከ110 ኪሎ በላይ ሆኖ ነበር። አንድ ሐኪም የታይሮይድ ኪኒን አዘዘለት፤ አሊ ከታዘዘለትም በላይ ወሰደ። ክብደቱ ረገፈ። በግጥሚያው ቀን 99 ኪሎ ገደማ ነበር። ሽበቱን አጥቁሮታል። ሆዱ ገብቷል። ሰዎች ሲያዩት የ1974ቱ አሊ መጣ አሉ። ብዙ ሰው ገንዘቡን በእሱ ላይ አስያዘ፤ ሆልምስ በሰፊው ያሸንፋል ይል የነበረው የውርርድ ግምት እየጠበበ መጣ። ኪኒኑ ግን ጡንቻውን አሟሙቶ፣ ሰውነቱ ሙቀትን እንዳይቋቋም አድርጎት ነበር። መልኩ ተመለሰ፣ ጉልበቱ አልተመለሰም።

የተማሪውና የመምህሩ ምሽት

ላሪ ሆልምስ ለአሊ እንግዳ ሰው አልነበረም። ያደገው በኢስተን፣ ፔንሲልቬኒያ ነው። ገና ጀማሪ ሳለ በአሊ የዲር ሌክ ካምፕ የልምምድ ተጋጣሚ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን አሊ በልምምድ ላይ ዓይኑን መትቶ አበለዘው። በረዶ ሊያደርጉለት ሲሉ ሆልምስ እምቢ አለ። ወደ ቤቱ ሄዶ ለሰው ማሳየት ፈለገ። መሐመድ አሊ መታኝ ብሎ የሚኮራበት የበለዘ ዓይን ነው።

በ1980 ሆልምስ 35 ግጥሚያ አድርጎ አልተሸነፈም። ከ1978 ጀምሮ ቀበቶው የእሱ ነው። 30 ዓመቱ ነው፤ ጃቡ (ከፊት ባለው እጅ በቀጥታ የሚወረወር ፈጣን ቡጢ) በዘመኑ ወደር አልነበረውም። አሊ 38 ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዓመት አልተጫወተም። ሆልምስ ቢያሸንፍ ሽማግሌ መታ ይባላል። ቢሸነፍ በሽማግሌ ተመታ ይባላል። የትኛውም መንገድ ለእሱ አያዋጣም።

በሆቴሉ ግቢ በተሠራው ጊዜያዊ ስታዲየም ወደ 25,000 ሰው ገባ። የበረሃው ሙቀት ማታም አልበረደም። አሊ በመጀመሪያው ዙር እንደልማዱ ተሳደበ፣ አፈጠጠ፣ ተወራጨ። ሰዉ ስሙን ጠራ። ከዚያ ሆልምስ ጃቡን ጀመረ።

ያችን አንገት አስታውሱ። አሊ በ1980ም ያንኑ ያደርጋል። ጃቡ ሲመጣ ወደ ኋላ ያዘነብላል። አእምሮው ቡጢውን አይቶታል፤ ትዕዛዙም ወጥቷል። ሰውነቱ ግን በቅንድብ እንቅስቃሴ ያህል ይዘገያል። በ1966 ባዶ አየር መትቶ የተመለሰው ጓንት አሁን ግንባሩ ላይ ያርፋል። አንዴ አይደለም፣ አሥሬ አይደለም፣ ዙሩን ሙሉ። የሚያውቅ ዓይን ለዚህ ነው የሚያለቅሰው። ተመልካቹ ሁለት ሰው በአንድ ላይ ያያል፤ ድሮ የሚያመልጠውንና አሁን የሚመታውን። የተለወጠው ርቀት ደግሞ አንድ ጣት ቢሆን ነው።

ዙሮቹን አንድ በአንድ አልዘረዝርም፤ ልዩነት የላቸውም። ሦስቱም ዳኞች አሥሩንም ዙር ለሆልምስ ሰጡ። አሊ ከአንድ ዙር ወደ ሌላው ሲያልፍ ሊያጠምደው ነው የሚል ተስፋ በሰዉ ውስጥ ነበር። ኪንሻሳ ያስተማረን ክፉ ትምህርት ነው። ያኔ ሲደበደብ ዘዴ ነበር፤ ስለዚህ አሁንም ዘዴ ይሆናል። በ9ኛው ዙር ሆልምስ ጎኑ ላይ ሲመታው አሊ ከሕመም ብዛት ድምፅ አውጥቶ እንደጮኸ አጠገቡ የነበሩ ተናግረዋል። የሚለፈልፈው አሊ፣ ግጥም የሚደረድረው አሊ፣ ጮኸ። ተስፋው ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

በመጨረሻዎቹ ዙሮች ሆልምስ ዳኛውን ሪቻርድ ግሪንን ማየት ጀመረ። አስቁመው እንጂ እንደማለት። እጁን እየሰበሰበ፣ ግማሽ እየመታ ቀጠለ። ከ10ኛው በኋላ የአሊ ማናጀር ኸርበርት መሐመድ ከሪንጉ ሥር ምልክት ሰጠ፤ ደንዲም አስቆመው። በአሊ ሙሉ ሕይወት፣ በ61 ግጥሚያ፣ ከጊዜው በፊት የተቋረጠበት ይህ ብቻ ነው።

ሆልምስ አሸንፎ አለቀሰ። ወደ አሊ ክፍል ሄዶ እንደሚወደው ነገረው።

ለምን እንዲህ አመመ

ስለ ደጋፊዎች ባሕርይ በ1976 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ተከታተሉ። ቡድናቸው ቅዳሜ ሲያሸንፍ ሰኞ የዩኒቨርሲቲውን ስም ያለበት ልብስ የሚለብሱት ይበዛሉ። ስለ ውጤቱ ሲጠየቁም ድል ከሆነ «አሸነፍን» ይላሉ፤ ሽንፈት ከሆነ «ተሸነፉ» ይላሉ። ሁላችንም እናውቀዋለን። በድል ጊዜ እኛ፣ በሽንፈት ጊዜ እነሱ።

በዚህ ሕግ ከሆነ የአሊ ደጋፊዎች በ1980 ማምለጥ ነበረባቸው። «ተሸነፈ፣ አርጅቶ ነበር፣ እኛን አይመለከትም» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። አብረውት ተቀመጡ። ለምን?

አንደኛው ምክንያት የስፖርቱ ዓይነት ነው። ሯጭ ሲደክም ይቀደማል። ኳስ ተጫዋች ሲደክም ይቀየራል። ቦክሰኛ ሲደክም ይደበደባል። የእርጅናው ዜና የሚነገረው በሌላ ሰው እጅ፣ ፊቱ ላይ፣ በአደባባይ ነው። ከዚያም ክለብ የለም። ማልያው ለሌላ ተጫዋች አይሰጥም፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያጽናና ጨዋታ የለም። ሰውዬው ራሱ ማልያው ነው። ሲቀደድ የምትቀይረው ነገር የለህም።

ሁለተኛው ምክንያት አሊ ራሱ ነው። ብዙ ሰው የራሱን ነገር ከእሱ ጋር አስሮ ነበር። ጦርነቱን ስለተቃወሙ የታሰሩ፣ በቀለማቸው የተናቁ፣ ስማቸውን ራሳቸው ለመምረጥ የፈለጉ ሰዎች፣ እሱ ሲቆም የቆሙ መስሏቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች «ተሸነፈ» ብለው መለየት አይችሉም። የተሸነፈው የሕይወታቸው አንድ ክፍል ነውና።

እነዚህ ሁለቱ እውነት ናቸው። ሁለቱ ብቻ ግን በዚያ ምሽት የነበረውን ዝምታ አያስረዱም። ሐዘን ብቻ ቢሆን ሰው ይጮኻል፣ ዳኛ ይሰድባል። የጥፋተኛ ሰው ዝምታ ነበር። ትኬቱን የገዛነው እኛ ነን። ተመለስ ያልነው እኛ ነን። ብሬነር ተው ሲል፣ ፓቼኮ ደብዳቤ ሲልክ፣ ከእነሱ ይልቅ የሰማነው የራሳችንን ናፍቆት ነው። አሁን ያ ናፍቆታችን ሪንግ ውስጥ ቆሞ ሲደበደብ እያየን ነው። የራሱ ስግብግብነት ነው ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ያሉም ነበሩ። የከፈለው ሕዝብ ባይኖር ግን 8 ሚሊዮን ዶላር ከየት ይመጣል?

ይህ በአሊ አልተጀመረም። ኦክቶበር 26፣ 1951 ሮኪ ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር የቀድሞውን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጆ ሉዊስን ዘረረው። ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፤ ወደ ሪንግ የመለሰው የግብር ዕዳ ነው። ማርሲያኖ ልጅ ሳለ ሉዊስን ያደንቅ ነበር፤ አሸንፎ አለቀሰ። ሉዊስ በመጨረሻ ዘመኑ የሲዛርስ ፓላስ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ይሠራ ነበር። አዎ፣ ያው ሆቴል። የቦክስ ዓለም ሻምፒዮኖቹ እንዴት እንደሚያልቁ ማወቅ ቢፈልግ፣ መልሱ እዚያው በር ላይ ሰው እየጨበጠ ነበር።

ከዚያ በኋላ

አሊ አሁንም አላቆመም። ዲሴምበር 11፣ 1981 በናሶ፣ ባሃማስ ከትሬቨር በርቢክ ጋር ገጠመ። የሪንግ ደወል ስላልነበረ በላም ቃጭል ዙር አስጀመሩ። በነጥብ ተሸነፈ። ያኔ በእውነት አበቃ። 56 ድል፣ 5 ሽንፈት።

በ1984 የፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ) ምልክቶች እንዳሉበት ታወቀ። ቡጢው ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለውን ሐኪሞች ተከራክረውበታል። ደጋፊው ግን ክርክሩን አልጠበቀም። የ1980ን ምሽት መልሶ አየው፤ የዘገየችውን አንገት፣ በአንድ እግር ያልተሳካውን ዝላይ። ለቅሶው እንደገና ተጀመረ። በ1996 አትላንታ ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ የኦሎምፒክ ችቦውን ሲለኩስ ዓለም ያለቀሰው ለቅሶ ውስጥ ይቅር በለን የሚል ነገር ያለበት ይመስለኛል።

በዚህ ሁሉ የተረሳ አንድ ሰው አለ። ሆልምስ። ያን ምሽት ሥራውን ሠራ፤ ሊያቆምም ሞከረ። ጸጸት ግን ማረፊያ ይፈልጋል፤ ራሳችንን ከመክሰስ የመታውን ሰው አለመውደድ ይቀላል። ሆልምስ 48 ግጥሚያ ሳይሸነፍ ቆየ። በ1985 ማይክል ስፒንክስ ባያሸንፈው ማርሲያኖ ሳይሸነፍ ያደረጋቸውን 49 ግጥሚያዎች ይደርስባቸው ነበር። ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ ሆኖም እንደሚገባው ተወድዶ አያውቅም። በእኔ እምነት የዚያ ሐዘን ትልቁ ግፍ ይህ ነው።

በ1980 ግጥሚያውን ካዩት አንዱ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከአሰልጣኙ ከከስ ዳማቶ ጋር ሆኖ ነው ያየው። በማግስቱ ዳማቶ ከአሊ ጋር በስልክ ሲያወራ ልጁን አገናኘው። ልጁ ሳድግ እበቀልልሃለሁ አለው። ስሙ ማይክ ታይሰን ነው።

ጃንዋሪ 22፣ 1988፣ አትላንቲክ ሲቲ። ታይሰን 21 ዓመቱ ነው፤ ያልተሸነፈ ሻምፒዮን። ሆልምስ ከግጥሚያ ርቆ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ለገንዘብ ብሎ ተመልሷል። ከግጥሚያው በፊት አሊ ወደ ሪንግ ወጥቶ ለሕዝብ ተዋወቀ። እርምጃው ቀርፋፋ ነበር። ወደ ታይሰን ጠጋ ብሎ የገባለትን ቃል አስታወሰው።

በ4ኛው ዙር ታይሰን ሆልምስን ሦስት ጊዜ ጣለው። በሦስተኛው በጀርባው ተዘረረ፤ ዳኛው መቁጠሩን ትቶ እጁን አወናጨፈ። ሆልምስ በሙሉ ሕይወቱ ከጊዜው በፊት የተቋረጠበት ግጥሚያ ይህ ብቻ ነው። አዳራሹ ለታይሰን ጮኸ። አሊ ከሪንጉ አጠገብ ተቀምጦ ያይ ነበር። ሸራው ላይ የተጋደመው ሰው 38 ዓመቱ ነው፤ አሊ ያን ምሽት በርጩማው ላይ የተቀመጠበት ዕድሜ።